ለመጀመሪያ አረቄ ማውጫ መዳብ ከየት ይገዛ?

አረቄ በአገራችን ያለ መዳብም ሲወጣ ኖሯል። የሸክላ ማሰሮ፣ የሸምበቆ መተላለፊያ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ፣ አለቀ። አርሲ ነገሌና ደብረ ብርሃን በአረቄ ስማቸው የገነነው የመዳብ ቱቦ ጠብቀው አይደለም። ስለዚህ "ያለ መዳብ አይሆንም" የሚላችሁን ሰው ብዙም አትስሙት።

ግን መዳብ ሲኖር ልዩነቱ ይታወቃል። ድፍድፍ ሲብላላ ከእርሾው የሚመጣ የድኝ ውህድ አለ። አረቄ ገና ሳይቀመስ አፍንጫን የሚመታበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ትኩስ እንፋሎት መዳብ ሲነካ ድኙ ከመዳቡ ጋር ይጣመርና እዚያው ይቀራል። ቱቦው ከሥራ በኋላ ውስጡ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ሌላው ጥቅም ሙቀት ነው። መዳብ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከስቴንለስ ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ አጠር ያለ ቱቦ ይበቃል።

እንግዲህ መዳቡ በዋናነት የሚፈለገው እንፋሎቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ድስቱም መዳብ ቢሆን አይጠላም፣ ግን ለጀማሪ ቅንጦት ነው። ድስቱን ስቴንለስ አድርጉትና ገንዘባችሁን አንገቱ (እንፋሎቱ ከድስቱ የሚወጣበት ቱቦ) እና ጥቅልሉ (ውኃ ውስጥ ሆኖ እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ዙር ዙር ቱቦ) ላይ አውጡ። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ ላላችሁ ሰዎች ያንን መዳብ ለማግኘት አራት መንገድ አለ። አራቱ ግን እኩል አይደሉም።

ድስቱን በአጭሩ ልጨርሰው። ከ20 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የስቴንለስ ድስት ይበቃል። ሱሉልታና ሆለታ በኩል ወተት የሚመላለስበት ባለ ክዳን ዕቃ ብዙ ሰው ያምረዋል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው የሚመስለው። ግን ብዙው አልሙኒየም ነው። ድፍድፍ ኮምጣጣ ነው፣ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ አልሙኒየምን ይበላዋል። የስቴንለሱን ፈልጉ። እዚህ ላይ ማግኔት ብዙ አይረዳችሁም፤ ጥሩው ስቴንለስም እንደ አልሙኒየሙ ማግኔት አይስብም። አንስታችሁ ክብደቱን ገምቱ። አልሙኒየም ሲነሳ ባዶ ቆርቆሮ ያህል ነው።

አዲስ ቱቦ ከፍሪጅ ዕቃ ሱቅ

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የውኃ መስመር የሚዘረጋው በአብዛኛው በፒፒአር ፕላስቲክ ስለሆነ፣ የውጭ አገር መመሪያዎች "ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ ግዙ" የሚሉት የመዳብ ቱቦ ሰፈራችሁ ካለው የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አይጠበቅም። መዳብ በብዛት የሚሸጠው ለፍሪጅና ለኤሲ ነው። መርካቶ የኤሲና የፍሪጅ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ሂዱና "ኮፐር" በሉ። ከዳር ላላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁን ፍሪጅ ጠጋኝ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ከጥቅልል ላይ በሜትር ቆርጦ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ትራንስፖርቱም ድካሙም ይቀርላችኋል።

ይሄ ቱቦ ለአረቄ የሚመችበት ምክንያት አለው። ለስላሳ ነው፣ በእጅ ይጠቀለላል። ለማቀዝቀዣ ጋዝ ስለተሠራ ፋብሪካው ውስጡን አጽድቶና አድርቆ ጫፉን በቡሽ ደፍኖ ነው የሚልከው። ቡሹ የሌለው ጥቅልል ካያችሁ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ።

ልኩ በኢንች ይጠራል፣ የሚለካውም በውጭ ስፋቱ ነው። "ሦስት ስምንተኛ" ሲሉ 9.52 ሚሊ ሜትር፣ "ግማሽ" ሲሉ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለ20 ወይም 30 ሊትር ድስት ግማሹን ውሰዱ። ሦስት ስምንተኛው ይረክሳል፣ ለመጠቅለልም ይቀላል። ግን የእኛ ድፍድፍ ወፍራም ነው። ጌሾው አለ፣ ብቅሉ አለ፣ የቂጣው ፍርፋሪ አለ። ሲገነፍል ያ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ሰፊ የሸምበቆ መተላለፊያ ይችለዋል፤ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ግን ሊደፈን ይችላል። የተደፈነ ቱቦ ማለት መውጫ ያጣ እንፋሎት ማለት ነው። ግማሽ ኢንች ገዝታችሁም ቢሆን ድፍድፉን አጥልላችሁ ጨምሩ፣ ድስቱን ከሦስት ሁለት እጅ በላይ አትሙሉት። በድስቱና በመውጫው መካከል ቧንቧ መዝጊያ የሚባል ነገር አታስገቡ።

አሁን ወደ ክብደት። ገበያው ላይ ያለው ቱቦ ውፍረቱ የተለያየ ነው። ሻጩ "ያው ነው" ይላችኋል። ያው አይደለም። የግማሽ ኢንች ቱቦ የግድግዳው ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ ሜትር 270 ግራም ገደማ ይመዝናል። 15 ሜትሩ ሙሉ ጥቅልል ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ውፍረቱ 0.6 ከሆነ ያው ጥቅልል 3 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስት ስምንተኛው በ0.8 ውፍረት ለ15 ሜትር 2.9 ኪሎ ያህል ይመጣል። ስለዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ሱቁ ሚዛን ከሌለው አጠገቡ ያለው ምስማር ሻጭ ጋ አይጠፋም። ቀጭኑ ለአረቄ አይሆንም ማለቴ አይደለም፣ ይሆናል። ግን ስትጠቀልሉት ቶሎ ይታጠፋል፣ ዋጋውም በልኩ መቀነስ አለበት።

ዋጋ ያልጻፍኩት አውቄ ነው። መዳብ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሳምንት አያገለግልም። ይልቅ ክብደቱን ያዙ። አንድ ኪሎ የግማሽ ኢንች ቱቦ፣ ውፍረቱ 0.8 ከሆነ፣ 3.7 ሜትር ያህል ነው። የሜትሩን ዋጋ በ3.7 ስታባዙ የኪሎ ዋጋው ይመጣል። ያኔ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ፤ ምክንያቱም አሮጌ መዳብ የሚሸጠው በኪሎ ነው።

ምናለሽ ተራና ቆራሌው

መርካቶ ምናለሽ ተራ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፣ እውነትም ነው። ከከተማው ዳር ደግሞ ቆራሌው በር ድረስ ይመጣል። ቆራሌው ሁሌ ሲገዛ እንጂ ሲሸጥ አይታወቅም፤ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ግን የሰበሰበውን ለጅምላ ተረካቢው ከማስረከቡ በፊት ያሳያችኋል።

ምናለሽ ተራ ላይ የሚሰማው ጨዋታ ይሄን ይመስላል፦

"ጋሼ፣ ይሄ የጣልያን ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ አይመጣም።"

"ምን ላይ ነበር የነበረው ወንድሜ?"

"ምን ላይ ቢሆንስ? መዳብ መዳብ ነው!"

አይደለም። ዋናው ጥያቄ ምን ላይ እንደነበረ ነው። መልሱን ካላገኛችሁ ቱቦውን አስቀምጡት።

የመኪና ራዲያተር ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። አሮጌ ራዲያተር የተበየደው እርሳስ ባለበት መበየጃ ነው፣ ውስጡም ፀረ በረዶ ኬሚካል ሲመላለስበት የኖረ ነው። አሜሪካ ውስጥ በድብቅ አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ራዲያተር እንደ ማቀዝቀዣ እየተጠቀሙ በእርሳስ የተመረዙት በዚህ ነው። እርሳስ በጣዕም አይታወቅም፣ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ነርቭና ኩላሊት ይጎዳል። ከትራንስፎርመር የወጣ መዳብም ይቅርባችሁ። ሽቦው በቫርኒሽ የተለበጠ ነው፣ የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ደግሞ መርዛማ ሊሆን ይችላል። የመብራትና የስልክ ኬብል ስርቆት የሚወራበት ከተማ ስለሆነ፣ ተቃጥሎ ልጣጩ የተነሳ መዳብ ስታዩ ከየት እንደመጣ መጠርጠርም ደግ ነው።

ከአሮጌ ፍሪጅና ኤሲ የወጣ ቱቦስ? ብዙ ሰው የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው፣ ርካሽ ነዋ። ውስጡ የኮምፕረሰር ዘይት አለ። ጥቅልል የሆነ ቱቦ ውስጥ ብሩሽ አይገባም። ዘይቱ መውጣቱን የምታዩበት መንገድ ከሌለ ንጹሕ ነው ማለት አትችሉም። ቀጥ ያለ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚታይ ሰፊ ቱቦ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ለአንገት የሚሆን 22 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ያህል፣ ፀሐይ ላይ ይዛችሁ በውስጡ ስታዩ ግድግዳው ሁሉ የሚታይ፣ አሮጌ ብየዳ የሌለበት፤ ይሄን ከምናለሽ ተራ ግዙ። በሶዳና በሙቅ ውኃ፣ ከዚያ በሎሚና በጨው ፈትጉት። እዚህ ላይ አሮጌው ከአዲሱ በምንም አያንስም። እንዲያውም የድሮው ወፍራም ነው።

ስትሄዱ ሁለት ዕቃ ኪሳችሁ ይግባ። አንዱ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት። መዳብ ማግኔት አይስብም፤ ከሳበ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ሁለተኛው ትንሽ ሞረድ። መዳብ የለበሰ አልሙኒየም ማግኔት አይስብምና በማግኔት ብቻ ያልፋችኋል። ጫፉን በሞረድ ሁለቴ ሳብ አድርጉት። ውስጡ ከነጣ አልሙኒየም ነው፣ ከቀላ መዳብ ነው፣ ከቢጫ ነሐስ ነው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ችግር የለም፤ መዳብ የያዘ ሻጭ በሞረድ አይደነግጥም። እንፋሎቱ ብዙ መዳብ እንዲነካ ከመዳብ የተሠራ የዕቃ መፈተጊያ ገዝታችሁ አንገቱ ውስጥ ለመጠቅጠቅ ካሰባችሁም ማግኔቱን እሱም ላይ አስጠጉ። ብዙው ቀለሙ ብቻ ነው መዳብ።

አንጥረኛ ጋ ማሠራት

መስቀልና ጉልላት የሚሠሩ አንጥረኞች የመዳብ ሉህ ካቀረባችሁላቸው ጉልላት ያለው ቆብ፣ ወደ ጎን የሚዘረጋ አንገት፣ ቢያሻችሁ ሙሉ ድስት ይቀጠቅጡላችኋል። ውበቱን ስታዩት ቤት ውስጥ ለማሳያ የምታስቀምጡት ነው የሚመስለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያወጣ ሰው ግን አልመክርም። ሉሁን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፣ የእጁም ዋጋ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ስፌቱን በምን እንደሚበይድ ማወቅ አለባችሁ። ለጌጥ የሚሠራ ሰው እርሳስ ያለበት መበየጃ ቢጠቀም አይፈረድበትም፤ መስቀል አይጠጣማ። እናንተ ግን የምትጠጡበት ነው። ማሠራት የግድ ካማራችሁ መበየጃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጡት፣ ሲበይድም አጠገቡ ቁሙ።

ከውጭ ማስመጣት

ዱባይ የምትመላለስ እህት ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ወዲያው የሚያስበው ይሄን ነው። የፖርቹጋል የመዳብ ማውጫ በእርግጥ ያምራል። ኢንተርኔት ላይ ያለቀለት ማውጫም ሞልቷል፤ አብዛኛው ድስቱ ስቴንለስ፣ ጥቅልሉ መዳብ ነው። እንግዲህ ያንኑ ድስት እዚህ ከገበያ፣ ያንኑ ጥቅልል ከፍሪጅ ዕቃ ሱቅ ማግኘት ከተቻለ የሰው ሻንጣ መሙላት ምን ያደርጋል? ቀረጡም አለ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" የሚለው የኤርፖርት ጥያቄም አለ። ከውጭ አስመጡ የምለው እዚህ ለማግኘት የሚያስቸግረውን ትንሹን ዕቃ ነው፦ እርሳስ የሌለበት መበየጃና ሲበየድ የሚቀባው የራሱ ፈሳሽ፣ ከቴፍሎን (ሙቀት ከሚችል ፕላስቲክ) የተሠራ ማሸጊያ ቀለበት፣ የስቴንለስ መጋጠሚያ። ሦስቱም ተደምረው አንድ ኪሎ አይሞሉም።

ብየዳው

ሰው ቱቦ ሲመርጥ ከርሞ መጋጠሚያው ላይ ይቸኩላል። የመዳቡ ምንጭ ምንም ይሁን፣ ጥሩውን መዳብ የሚያበላሸው መበየጃው ነው።

ሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበት ለስላሳ ሽቦ ብዙውን ጊዜ 60 ከመቶ ቆርቆሮ (ቲን)፣ 40 ከመቶ እርሳስ ነው። በቀላሉ ይቀልጣል፣ በየሱቁ አለ። አይሆንም። ፍሪጅ ጠጋኙ የሚበይድበት ዘንግ የተሻለ ነው። መዳብና ፎስፈረስ ብቻ የሆነው ዘንግ መዳብን ከመዳብ ለማያያዝ ሌላ ፈሳሽ አይፈልግም፣ እርሳስም የለበትም። ብር (ሲልቨር) ያለበትን ዘንግ ካመጣላችሁ ማሸጊያው ላይ ካድሚየም የሚል እንዳለ እዩ። ካለ ይመለስ፤ ጭሱም ሳይቀር መርዝ ነው። በትንሽ እሳት ራሳችሁ ልትበይዱ ከሆነ 97 ከመቶ ቆርቆሮና 3 ከመቶ መዳብ የሆነውን ፈልጉ።

ስቴንለስ ክዳን ላይ መዳብ መበየድ ግን ሌላ ሙያ ነው። አትሞክሩት። ክዳኑን ቀዳችሁ በሁለት በኩል በሚጠብቅ የስቴንለስ መጋጠሚያና በቴፍሎን ቀለበት እሰሩት። ክዳኑ ዙሪያ ደግሞ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ሊጥ ይለጠፋል። ሊጥ ከጎማ ይሻላል፤ ጎማ በአልኮል እንፋሎት ይለሰልስና ሽታውን ይለቃል። በዚያ ላይ እንፋሎቱ ከበዛ ሊጡ ቀድሞ ይለቃል፣ ድስቱ አይፈነዳም። ነሐስ መጋጠሚያን በተቻለ መጠን አሳንሱ፤ በማሽን የሚቀረጽ ነሐስ ውስጥ እስከ 3 ከመቶ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

ጥቅልል በበርሜል ወይስ ቱቦ በቱቦ

የምትገዙትን ርዝመት የሚወስነው ይሄ ነው፤ የከተማ ዳር ኑሮም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቱቦ በቱቦ የሚባለው፣ ግማሽ ኢንቹ ቱቦ 22 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ገብቶ በመካከላቸው ውኃ የሚፈስበት ነው። አንድ ሜትር ያህል መዳብ ይበቃዋል፣ ለማጽዳትም የሚመች የለም። ግን ሳያቋርጥ የሚፈስ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀልድ ነው። ሮቶ ከነፓምፑ ያለው ሰው ውኃውን እያዞረ ይጠቀምበት፣ ለሌላችን ጥቅልሉ ይሻላል። 6 ሜትር ግማሽ ኢንች በ25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲጠቀለል ሰባት ተኩል ዙር ያህል ይወጣዋል። እሱን ከ50 ሊትር በላይ በሚይዝ በርሜል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ውኃው ከላይ ይሞቃል፣ ከታች ቀዝቃዛ ይሆናል። ከላይ በጆግ እየቀዳችሁ ከታች ቀዝቃዛውን መጨመር ይበቃል። የተቀዳው ሙቅ ውኃ ዕቃ ያጥባል።

ስትጠቀልሉ ቱቦውን ደረቅ፣ የተነፋ አሸዋ ሙሉና ሁለቱን ጫፍ እሰሩ። ባዶውን ከጠቀለላችሁት ይጨማደዳል። የቀለም ባልዲ ለመጠቅለያ ልኩ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ አሸዋው እስኪያልቅ አራግፉ፣ ውኃ ልቀቁበት። እያንዳንዱ ዙር ወደ ታች ማዘንበሉን እዩ። አንዱ ዙር ወደ ላይ ከተነሳ አረቄው እዚያ ይተኛና እየቆየ በግፊት ይተፋል።

ቴርሞሜትር ከገዛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የውጭ መመሪያዎች አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል ይላሉ። እሱ በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚህ ውኃ ራሱ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ አልኮል ብቻውን ደግሞ በ71 ገደማ ነው። የእነሱን ቁጥር ከተከተላችሁ ሁሌ ትዘገያላችሁ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው አረቄ አይደለም። ግማሽ ድስት ውኃ ከኮምጣጤ ጋር አፍሉና እንፋሎቱ በጥቅልሉ ይለፍ። ቀጥሎ ትንሽ ርካሽ አረቄ በውኃ አቅጥናችሁ አውጡና ድፉት። በዚህ ጊዜ ሊጡ የት እንደሚያፈስ ይታያል። መቀበያውን ከእሳቱ ራቅ አድርጉ፤ የአልኮል እንፋሎት ከቡታጋዝም ከከሰልም ይቀጣጠላል። መዳብ ሜታኖል የሚባለውን መርዛማ አልኮል አያስወግድም፣ ያስወግዳል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ከ20 ሊትር ድፍድፍ የመጀመሪያውን 100 ሚሊ ሊትር ያህል ድፉት፤ ቶሎ የሚተኑት መጥፎ ነገሮች እዚያ ይበዛሉ። ማጠንከሪያ ብሎ የኢንዱስትሪ አልኮል መጨመር ግን ሰው ይገድላል። ለጎረቤት መሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃድና ግብር ያለበት ሥራ ነውና ወረዳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

በየመሃሉ ሳትጠቀሙበት ከቆየ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይታያል። እሱ መርዝ ነው፣ በሎሚና በጨው ይለቃል። የሚወርደው አረቄ ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ካዘነበለ መዳቡ አብሮ እየወረደ ነው፤ ያን ዕለት የወጣውን ድፉና ጥቅልሉን እንደገና በኮምጣጤ እጠቡ።